እማዬ የዓይን ሞራ ልትገፈፍ ነው፤ ያለፋችሁበት እስቲ ምከሩኝ

የእማዬ ልጅ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡10)

ሰላም ለዚህ ቤት። እማዬ 67 ዓመቷ ነው። አዲስ አበባ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ሁለቱም ዓይኗ ላይ የሞራ ግርዶሽ አለ ተባልን። የቀኙ ስለባሰ ከእሱ ይጀመራል። ቀጠሮዋ የዛሬ ዘጠኝ ቀን ነው።

እንዴት እንዳወቅን ልንገራችሁ። እማዬ ቡና አሳርራ አታውቅም ነበር። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን አንዴ ያርርባታል፣ አንዴ ሳይበስል ታወርደዋለች። "ከሰሉ ነው" ስትል ከረመች። አንድ ቀን አጠገቧ ቁጭ ብዬ አየኋት። ማንከሽከሻውን ወደ ፊቷ አስጠግታ ታሸታለች። ጆሮዋን አዘንብላ ሲንጣጣ ታዳምጣለች። ያኔ ገባኝ። ቀለሙ አይታያትም።

ሐኪሙ ደግ ሰው ነው። ግን ሰልፉ ረጅም ስለሆነ ለአንድ ሰው የሚተርፈው ጊዜ ትንሽ ነው። "ቀላል ነው፣ አትፍሩ" ብሎ ወረቀት ሰጠን። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነው። አነበብኩት፤ እኔን የሚያስጨንቀኝ ነገር ግን እሱ ላይ የለም። ያማታል ወይ? ቤት ከገባች በኋላ እኔ ምን ላድርግ? ከሥራ ስንት ቀን ልቅር? እማዬ እንጀራ ትጋግራለች፣ ትሰግዳለች፣ እሑድ እሑድ ጸበል ትሄዳለች። ያለፋችሁበት ንገሩኝ።

---

የዓይን ነርስ ከጅማ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡25)

እህቴ፣ እንኳን ወሰድሻቸው። እኔ ዓይን ክፍል 11 ዓመት ሠርቻለሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናስተካክል። "ሞራ" የሚለው ስም ብዙ ሰው ያሳስታል። ታካሚዎች ዓይን ላይ የተጋረደ ስስ ነገር አለ፣ እሱ ይላጣል ብለው ያስባሉ። አይደለም። ከብሌኑ ኋላ የተፈጥሮ ሌንስ አለን። ልጅ ሳለን እንደ ውኃ የጠራ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ይደፈርሳል፣ ይጠነክራል። የሚወጣው እሱ ነው። በቦታው ሰው ሠራሽ ሌንስ ይገባል። ያ ሌንስ አይወልቅም፣ አይታጠብም፣ ዕድሜ ልክ እዚያው ይኖራል።

ከቀኑ በፊት ዓይናቸው ይለካል። ባዮሜትሪ ይባላል። የዓይኑ ርዝመትና የፊቱ ጉብጠት ተለክቶ የሌንሱ ቁጥር ከዚያ ይወጣል። ስኳርና ግፊትም ይታያል። ስኳሩ በጣም ከፍ ካለ ቀጠሮው ሊተላለፍ ይችላል። ያን ጊዜ አትናደዱ። ከፍ ባለ ስኳር መግባት ለኢንፌክሽን ያጋልጣል።

የሚወስዱትን መድኃኒት በሙሉ በፌስታል ሰብስባችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ደም ማቅጠኛ ካለ በራሳችሁ አታቋርጡ፣ ሐኪሙን ጠይቁ። አባት ላላችሁም ልንገራችሁ። ለፕሮስቴት የሚሰጥ ታምሱሎሲን የሚባል መድኃኒት አለ። እሱን የሚወስድ ወይም ከዚህ በፊት የወሰደ ሰው የግድ መናገር አለበት። ብሌኑን የከበበው ክፍል በቀዶ ሕክምናው መሀል እንዲልፈሰፈስ ያደርጋል። ሐኪሙ አስቀድሞ ካወቀ ይዘጋጅበታል።

ዋዜማውን ገላቸውን ይታጠቡ፣ ፀጉራቸውንም ጭምር። ሹሩባ የሚሠሩ ከሆነ ያኔውኑ ይሠሩ። ከዚያ በኋላ ሳምንት ሁለት ሳምንት ራስ መታጠብ የለም። ቅቤ ግን አይቀቡ። ሲሞቅ ይቀልጥና በግንባር ወርዶ ዓይን ውስጥ ይገባል። ስንቱን ትራስ አይቻለሁ። ኩልም አይኳሉ።

በዕለቱ ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ደጋግሞ ይደረጋል። ከሚሠራው ዓይን በላይ ግንባራቸው ላይ ፕላስተር ይለጠፋል፣ ዓይን እንዳይሳሳት ነው። ከዚያ ማደንዘዣ ነው። አንዳንድ ቦታ በጠብታ ብቻ ይሠራል። ብዙ ቦታ ግን ከዓይኑ ሥር በመርፌ ይሰጣል። መርፌው ለጥቂት ሰኮንድ ያማል። አያምም ብዬ አልዋሽሽም። ከዚያ በኋላ ግን ዓይኑ በድን ነው።

ሥራው ራሱ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ግን ወረፋው፣ ጠብታው፣ ዝግጅቱ ሲደመር ቀኑ ያልፋል። ምሳ ቋጥረሽ ሂጂ።

---

ጡረተኛው መምህር (ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡50)

ልጄ፣ እኔ 71 ዓመቴ ነው። ሁለቱንም ዓይኔን ተሠርቻለሁ። ግራውን ከአራት ዓመት በፊት፣ ቀኙን ዘንድሮ። እኔ የምነግርሽ ከውስጥ ሆኜ ያየሁትን ነው።

ሰው የሚፈራው ቢላዋ ሲመጣ አያለሁ ብሎ ነው። አይታይም። ፊትሽ በጨርቅ ይሸፈናል፣ አንዱ ዓይን ብቻ ነው ክፍት የሚሆነው። እኔ ያየሁት ብርሃን ነው። መጀመሪያ ሦስት ነጭ ክቦች። ከዚያ ክቦቹ ተበተኑና ውኃ ሥር ተኝቼ ወደ ላይ የማይ መሰለኝ። ቀዝቃዛ ፈሳሽ በጉንጬ ይወርዳል። ሐኪሙ ከነርሷ ጋር ሲነጋገር እሰማለሁ። "መምህር፣ እንዳይንቀሳቀሱ" ይለኛል። የሚጫን ነገር ይሰማል፣ ሕመም ግን የለም። አንዷ ነርስ እጄን ይዛኝ ነበር። "ሳል ከመጣብዎ እጄን ይጫኑ" አለችኝ። ይህን ለእናትሽ ንገሪያት። ሳል ሲመጣ ዝም ብሎ አይሳልም፣ አስቀድሞ ይነገራል።

የግራው ስፌት በሌለው በእጅ ዘዴ ነው የተሠራው። መክፈቻው ስድስት ሰባት ሚሊ ሜትር ይሆናል። የጠነከረው ሌንስ ሳይሰበር ሙሉውን ይወጣል። የቀኙ ፋኮ በሚሉት ማሽን ነው። መክፈቻው ሦስት ሚሊ ሜትር አይሞላም። ማሽኑ በድምፅ ሞገድ ሌንሱን አድቅቆ ይመጠዋል። ብዙ ሰው "በሌዘር ተሠራሁ" ይላል። ፋኮ ሌዘር አይደለም። ይህን መሣሪያ አሜሪካዊው ሐኪም ቻርልስ ኬልማን በ1967 እ.ኤ.አ. ነው ያስተዋወቀው። የፋኮው ቶሎ ዳነልኝ። የመጀመሪያው ሁለት ሳምንት ያህል ቆረቆረኝ። ዛሬ ግን በየትኛው የተሻለ ታያለህ ብትይኝ አልለይልሽም። የእጁ ዘዴ የድሃ ነው ብሎ የሚንቅ አለ። ተሳስቷል። ሞራው ለጠና ሰው እንዲያውም የሚመረጥበት ጊዜ አለ።

ፊዚክስ አስተማሪ ስለነበርኩ ስለ ሌንሱ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ላይ የእንግሊዝ አብራሪዎች የአውሮፕላናቸው መስታወት ሲሰበር ስባሪው ዓይናቸው ውስጥ ይቀር ነበር። መስታወቱ ፐርስፔክስ የሚባል ፕላስቲክ ነው። ሃሮልድ ሪድሊ የሚባል ሐኪም ስባሪው ዓይንን እንደማያስቆጣ አስተዋለ። ከዚያው ዓይነት ፕላስቲክ ሌንስ አሠርቶ በ1949 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ዓይን ውስጥ አስገባ። የሙያ ባልደረቦቹ ለብዙ ዓመታት ተቃወሙት። ያኔ ሞራ የወጣለት ሰው እንደ ጠርሙስ ቂጥ የወፈረ መነጽር ነበር የሚያደርገው። አያቴ እንደዚያ ያለ መነጽር ነበራቸው። እኔ ዛሬ የለኝም።

---

ሐሊማ ከጅዳ (ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8፡15)

እህቴ አይዞሽ። የእኔ እናት ከሚሴ ናት። እኔ እዚህ ሰው ቤት እየሠራሁ ነው ያሳከምኳት። አጠገቧ መሆን አልቻልኩም፣ እሱ እስካሁን ይቆረቁረኛል። ግን ከሩቅም የሚቻል ነገር አለ።

ሁለት ጠብታ ነበራት። አንዱ አንቲባዮቲክ፣ አንዱ ቁጣ የሚያበርድ። ፊደል አልቆጠረችም። ጠርሙሶቹ ደግሞ ይመሳሰላሉ። ታናሽ እህቴ ቀይ ክር አንዱ ላይ አሰረች፣ ሌላውን ባዶ ተወችው። "ቀይ ክር ያለው በቀን ስድስቴ፣ የሌለው አራቴ" አልናት። አንዴም አልተሳሳተች። እኔ በየሰዓቱ ሚስድ ኮል አደርጋለሁ። ስልኩ ሲጮህ "ሐሊማ ናት፣ ጠብታዬ ደረሰ" ትላለች።

ሶላቱን በጣም ተጨንቃበት ነበር። ሐኪሙ ግንባሯን መሬት እንዳታስነካ ከለከላት። የሰፈራችን ሼኽ "በሽተኛ ተቀምጦ ይሰግዳል፣ ራሱን በትንሹ ዝቅ ያደርጋል፣ ይበቃዋል" አሏት። ለውዱም (ከሶላት በፊት ላለው መታጠብ) ውኃ ፊቷን እንዳይነካ ተየሙም፣ ማለትም በውኃ ፈንታ በአፈር የሚደረገውን አደረገች። ነገሩን ከቀዶ ሕክምናው በፊት ስለጠየቅን በኋላ አልተጨቃጨቅንም። እናንተም አስቀድማችሁ ጠይቁ።

---

የእማዬ ልጅ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡00)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። ሐሊማ፣ ክሩን እኔም አደርገዋለሁ።

ዛሬ ጎረቤታችን እትዬ መጥተው እማዬን አስፈሯት። "ሞራው ሳይበስል ከተነካ ይመለሳል፣ ቆይ ይብሰል" አሏት። አሁን እማዬ "ግራው ገና ያያልኛል፣ ለምን አልቆይም" ትላለች። ምን ልበላት?

---

የዓይን ነርስ ከጅማ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡30)

እትዬ የሚናገሩት የድሮውን ነው። በድሮው ዘዴ ሌንሱ ሲጠና ለማውጣት ይመች ስለነበር ይጠበቅ ነበር። ዛሬ ተገልብጧል። በበሰለ ቁጥር ይጠነክራል፣ ሥራው ይከብዳል፣ ዓይኑም በኋላ ይበልጥ ይቆጣል። ከመጠን በላይ ቆይቶ የዓይን ግፊት አስነስቶ ሌሊት በሕመም እየጮኹ የመጡ አይቻለሁ። ያ ግፊት የጎዳው ነርቭ በቀዶ ሕክምና አይመለስም።

መለኪያው መብሰል አይደለም። እናትሽ የሚፈልጉትን መሥራት አቅቷቸዋል ወይ ነው። ቡናውን ራስሽ ነገርሽን እኮ።

በ1998 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው ጥናት ከዓይነ ስውርነቱ ግማሽ ያህሉ በሞራ ግርዶሽ የመጣ ነበር። ግማሽ! በግማሽ ሰዓት ሥራ ሊመለስ የሚችል ብርሃን። ይህን ቁጥር ሳስብ ያ ሁሉ በልጅ ልጅ እጅ እየተመራ ቤቱ የተቀመጠ ሽማግሌ ይመጣብኛል። "እርጅና ነው" ተብሎ የተተወ።

የሚያሟሟ ጠብታ አለ የሚላችሁንም አትመኑ። የለም። እንዲያውም ለማሳከክ ብለው ከፋርማሲ ዴክሳሜታዞን የሚባለውን ቁጣ የሚያበርድ ጠብታ ገዝተው በራሳቸው ለወራት የሚያደርጉ አሉ። እሱ ራሱ ሞራ ያመጣል፣ ግፊትም ያመጣል። ሐኪም ያዘዘውን፣ ሐኪም ባለው ቀን ብቻ።

---

የደብረ ብርሃኑ (ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡20)

ስለ ስግደትና ጸበል የጠየቅሽውን እኔ ልመልስ። አባቴ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነው። በሁዳዴ ነበር የተሠራው። ስግደት ተው ስንለው "ዓይኔን ለሰጠኝ አምላክ ሳልሰግድ?" አለን። የምንመልሰው አጣን። ኋላ የንስሐ አባቱን ጠራናቸው። እሳቸው አጠገቡ ቁጭ ብለው "ቁስልህ እስኪድን ቆመህ ጸልይ፣ አጎንብሰህ አትስገድ፣ ይህ ከእኔ ነው" አሉት። እሺ አለ። እኛ ብንለምነው ልጆቹ ነን፣ እሳቸው ግን አባቱ ናቸው።

ጸበሉን ይጠጣል። ፊቱ ላይ ግን አላስረጨነውም። ይህንንም እሳቸው ናቸው ያስረዱት። ውኃ ሁሉ ውኃ ነው፣ ያልዳነ ዓይን ውስጥ መግባት የለበትም።

አንድ ያልጠበቅነው የጎረቤት ጠያቂ ነው። የተሠራ ቀን ማታ ቤቱ ሞላ። ቡና ተቆላ፣ ዕጣን ጨሰ። አባቴ ዓይኑ እንባ በእንባ ሆነ። በማግስቱ ቡናውን በረንዳ አወጣነው።

---

ሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 5፡40)

እዚህ አሜሪካ ላላችሁ ትንሽ ልጨምር። እናቴን ያሳከምኩት እዚህ ነው። ሜዲኬር ፓርት ቢ (የመንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን ነው) ቀዶ ሕክምናውንና መደበኛውን ሌንስ ይሸፍናል። የራሳችሁ ድርሻ ግን ይኖራል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ አንድ መነጽርም ይሸፍናል። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም፣ ከኪሱ ይገዛል።

ክሊኒኩ ቅርብም ሩቅም ያሳያል የሚባል ውድ ሌንስ ሊያቀርብላችሁ ይችላል። ልዩነቱን የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። ለአንዳንዱ ሰው ይመቻል። ግን አንዳንዱ ማታ መብራት ዙሪያ ቀለበት ያያል። የሬቲና (ከዓይን ኋላ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን) ወይም የግላኮማ (የዓይን ነርቭ የሚጎዳበት፣ ብዙ ጊዜ ከግፊት ጋር የሚመጣ በሽታ) ችግር ላለበት ብዙም አይመከርም። እናቴ መደበኛውን መረጠች። ሩቁን በባዶ ዓይኗ ታያለች፣ ዳዊቷን በመነጽር ታነባለች። ደስተኛ ናት።

አስተርጓሚም ጠይቁ። የአማርኛ አስተርጓሚ በነፃ ማግኘት መብታችሁ ነው። እኔ መጀመሪያ ራሴ ነበር የማስተረጉመው። እናቴ በእኔ ፊት ማታ ማታ እንደምትደናቀፍ አልተናገረችም፣ እንዳልጨነቅ ብላ። ለአስተርጓሚዋ ግን ነገረቻት።

---

የአጎቴ ነገር (ሐሙስ፣ ከቀኑ 6፡05)

ላስፈራችሁ አይደለም። ግን ይህን ካልጻፍኩ እንቅልፍ አይወስደኝም።

አጎቴ ገበሬ ነው። የዓይን ሕክምና ዘመቻ መጥቶ ተሠራ። በማግስቱ ፋሻው ሲነሳ በሬዎቹን ለየ። ሁላችንም አለቀስን። እስከ ሦስተኛው ቀን ደህና ነበር። በአራተኛው ቀን ያዘው። ዓይኑ ቀላ፣ ቆፈረው። "ትናንት የማየው ዛሬ ጨለመብኝ" አለ። እኛ ጉንፋን ነው አልን። ቁስሉ እየደረቀ ነው አልን። ቅዳሜ ነበር፣ ሰኞ እንወስደዋለን አልን። ሰኞ ሲደርስ ዓይኑ ውስጥ መግል ነበረ። ብዙ ደከሙለት። ዓይኑ አልተረፈም።

ሲሸኙን ምልክቱን የነገረን ሰው አልነበረም። ወይ ተናግረው ይሆናል፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሀል አልሰማን ይሆናል። አሁን በማንም አልፈርድም። ብቻ እናንተ ስሙ። መጀመሪያ ጥሩ አይቶ እንደገና ከቀነሰበት፣ ሕመሙም ከጨመረ፣ ቀን አትጠብቁ።

---

የዓይን ነርስ ከጅማ (ሐሙስ፣ ከቀኑ 7፡30)

ወንድሜ፣ አመሰግንሃለሁ። ከባድ ነው መጻፉ።

ጥቂት መቆርቆር፣ አሸዋ የገባበት ዓይነት ስሜት፣ እንባ፣ ብርሃን መፍራት፣ ትንሽ መቅላት፣ እነዚህ ያሉ ናቸው። ከቀን ወደ ቀን መቀነስ አለባቸው። መንገዱ ወደ ታች ነው። ወደ ላይ መውጣት ከጀመረ ማለትም ሕመሙ ከጨመረ፣ ዕይታው ከቀነሰ፣ መግል ካለ፣ የዓይኑ ቆብ ካበጠ፣ በዚያው ሰዓት ተነሱ። ቅዳሜ ይሁን በዓል። ድንገተኛ ክፍል "የዓይን ቀዶ ሕክምና ተደርጎ ነው" በሉ። ይህ ኢንፌክሽን ብዙ ሰው ላይ አይደርስም፤ የደረሰበት ሰው ግን ዓይኑ የሚተርፈው በሰዓታት ውስጥ ከታከመ ነው። የመብረቅ ብልጭታ፣ የሚንሳፈፉ ብዙ ጥቁር ነጠብጣቦች፣ ወይም ከጎን እንደ መጋረጃ የሚወርድ ጥላ ከታየም እንደዚሁ። እሱ ሬቲና መላቀቅ ሊሆን ይችላል።

ጠብታ አደራረጉን ደግሞ አስታማሚው ይልመደው። እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። ወደ ላይ ይዩ። የታችኛውን ቆብ ሳብ አድርገሽ እዚያ ኪስ ውስጥ አንድ ጠብታ። አንድ ብቻ። የጠርሙሱ አፍ ሽፋሽፍትም ሆነ ጣትሽ አይንካው። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው በአፍንጫ በኩል ያለውን ጥግ ለአንድ ደቂቃ ቀስ ብለው ይጫኑት። ጉሮሮ ላይ የሚመረው ይቀንሳል። ሁለተኛውን ጠብታ አምስት ደቂቃ ቆይተሽ። ነጭ ወተት የሚመስል ጠብታ ከተሰጣችሁ መጀመሪያ ነቅንቂው፣ መድኃኒቱ ሥር ይዘቅጣል።

ማታ የፕላስቲክ መሸፈኛው ይደረግ። ሰው በእንቅልፍ ልቡ ዓይኑን ያሻል። በተሠራው ጎን አይተኙ። ጀሪካን አያንሱ፣ እንጨት አይሸከሙ። ምጣድ ሦስት አራት ሳምንት አይቅረቡ። ሐኪማችሁ ከዚህ የተለየ ካላችሁ የእሱን ስሙ።

---

ስኳር ያለበት አባት ያለው ልጅ (ዓርብ፣ ከጠዋቱ 3፡00)

እኔ አጭር ነው የምለው። አባዬ ስኳር አለበት፣ 19 ዓመት ሆነው። ሞራው ሲወጣ ሁሉም ይታየዋል ብለን ጠበቅን። ብርሃኑ ጨመረ፣ ሰው መለየት ቻለ፣ ማንበብ ግን አልቻለም። ስኳሩ ሬቲናውን ጎድቶት ኖሯል። ከሞራው ኋላ ስለነበር በደንብ አልታየም። ሐኪሙ አስቀድሞ "ከኋላ ያለውን ሳናይ ቃል አልገባም" ብሎን ነበር። እኛ ነን ያልሰማነው። ጠይቁ። ከሞራው ሌላ ምን አለበት በሉ። ያኔ በማግስቱ ፋሻ ሲነሳ ልባችሁ አይሰበርም።

---

የእማዬ ልጅ (ከ11 ቀን በኋላ፣ ዓርብ፣ ከምሽቱ 1፡30)

ተመለስኩ። ረቡዕ ተሠራች። ሁለት ቀኗ ነው ዛሬ።

ጠዋት 1 ሰዓት ገባን፣ 9 ሰዓት ወጣን። ራሱ ሥራው ሃያ ደቂቃ አልሞላም። እማዬ መምህር የነገሩንን ይዛ ነበር የገባችው። ስትወጣ "ክቦቹን አየኋቸው" አለችኝ። መርፌው አማት። "እንደ ጊንጥ ነው፣ ግን ወዲያው ጠፋ" አለች። ማታ ትንሽ ቆረቆራት፣ ማስታገሻ ወሰደች፣ ተኛች። እኔ ነኝ ያልተኛሁት።

በማግስቱ ፋሻው ተነሳ። እኔ ወዲያው ሁሉ ነገር ይታያታል ብዬ ነበር። እንደዚያ አልሆነም። መጀመሪያ ጭጋግ ነው አለች። ደነገጥኩ። ሐኪሙ ብሌኑ ገና ሰፍቶ ነው፣ እብጠትም አለ፣ ጠብቂ አለኝ። የግድግዳ ሰሌዳው ላይ ትልቆቹን ምልክቶች ለየች። ግቢው ውስጥ ታክሲ ስንጠብቅ እጄን ያዘችና ገልብጣ አየችው። ከሦስት ዓመት በፊት ዘይት ያቃጠለኝ ጠባሳ አለ። በአውራ ጣቷ ዳበሰችው። "ይሄን አላየሁትም ነበር" አለች። ሌላ አልተናገረችም።

የዛሬው ጥያቄዬ ሁለት ነው። ነጭ ነገር ሁሉ ሰማያዊ ሰማያዊ ይላል ትላለች። በተሠራው ዓይን ጥግ ደግሞ የሚብለጨለጭ ነገር አለ ትላለች፣ በተለይ አምፖል ሲበራ።

---

የዓይን ነርስ ከጅማ (ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡10)

እንኳን ደስ አላችሁ። ሰማያዊው ትክክል ነው። የድሮው ሌንሳቸው ቢጫ ቡናማ ሆኖ ነበር፣ ዓለሙን ሁሉ እንደ ሻይ አቅልሞ ነው የሚያሳያቸው። አሁን የሚያዩት እውነተኛው ነጭ ነው። በአንድ ዓይን ብቻ ሲሆን ልዩነቱ ይጎላል። ይለምዱታል።

አምፖል ሲበራ ብቻ ጥግ ላይ የሚመጣው ነጸብራቅ ከሌንሱ ጠርዝ ሊሆን ይችላል፣ አብዛኛውን ጊዜ እየተረሳ ይሄዳል። በጨለማም፣ ዓይን ተጨፍኖም የሚታይ ብልጭታ ከሆነ ግን ሌላ ነው። ዛሬ ማታ አምፖሉን አጥፍተሽ ጠይቂያቸው። ካለ ሳታድሩ በዚያው ሰዓት ሂዱ።

---

የእማዬ ልጅ (ዓርብ፣ ከምሽቱ 3፡05)

አጠፋሁ። የለም። ተመስገን።

---

ሻሸመኔ (ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 4፡15)

ይቅርታ፣ ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። አክስቴ ከሁለት ዓመት በፊት ተሠርታ በደንብ ታይ ነበር። አሁን እንደገና ጭጋግ ሆነባት። ሞራው ተመለሰ ማለት ነው? ሰው ሁሉ "አልነገርንሽም?" እያላት ነው።

---

የዓይን ነርስ ከጅማ (ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 5፡00)

ሞራ አይመለስም። ሌንሱ የተቀመጠበት ስስ ከረጢት አለ። የተፈጥሮው ሌንስ ከረጢት ነው፣ ሲሠራ እሱ ይተዋል፣ አዲሱን እንዲይዝ። በወራት ወይም በዓመታት ውስጥ የኋላ ግድግዳው ሊደፈርስ ይችላል። ብዙ ሰው ላይ ይደርሳል። ሌዘር የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ያግ ይባላል። ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ያለ መርፌ፣ ያለ ቢላዋ፣ በጥቂት ደቂቃ መስኮት ይከፈትለታል። ውሰዳቸው። ሌላ ምክንያትም ሊኖር ስለሚችል መታየቱ ራሱ አስፈላጊ ነው።

---

የእማዬ ልጅ (ከአንድ ወር በኋላ፣ እሑድ፣ ከቀኑ 10፡20)

ከተሠራች ሠላሳ ዘጠኝ ቀን ሆነ። የጻፋችሁልኝን ሁሉ ለእማዬ ነግሬያታለሁ። ሐሊማን "ልጄ በያት" ብላኛለች። መምህርን "ጋሼን አመስግኝልኝ" ብላኛለች። ስለ አጎትየው ስነግራት አልቅሳለች።

እውነቱን ልንገራችሁ። ከባዱ ሆስፒታሉ አልነበረም። ከባዱ ሁለተኛው ሳምንት ነው። ሕመም የላትም፣ ታያለች፣ እኔ ደግሞ ሥራ ተመልሻለሁ። ጠብታው ገና አላለቀም። "ድኛለሁ እኮ" እያለች መጥረጊያ ታነሳለች። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ቤቱ እንጀራ እንጀራ ይሸታል። ምጣዱ ሞቋል። ተቆጣኋት። ተኮራረፍን። ማታ ጠብታዋን ላደርግላት ስቀርብ ራሷ ቀና ብላ ጠበቀችኝ። ከዚያ ወዲያ ጎረቤታችን እትዬ ናቸው በየሁለት ቀኑ ሲጋግሩልን የከረሙት። "ይብሰል" ያሉት እሳቸው። አሁን የራሳቸውን ዓይን ሊያሳዩ ካርድ አውጥተዋል። ከእኔ ጋር ነው የሚሄዱት።

ከሥራ ስንት ቀን ልቅር ላልኩት መልሱን አግኝቻለሁ። ለእኛ አራት ቀን በቂ ነበር። ግን ከዚያ በኋላ ቀን ቀን ቤት ውስጥ ጠብታ የሚያደርግ ሰው የግድ ነው።

የትናንት ቀጠሮ ላይ ለቅርብ መነጽር ታዘዘላት። ለሩቅ ያለ መነጽር ጥሩ ታያለች። ስግደቱንም ሐኪሙ ፈቅዶላታል። ቡናውን ዛሬ ራሷ ቆላች። በረንዳ ላይ፣ ንፋሱን ከኋላዋ አድርጋ።

የግራው ዓይን ቀጠሮ የዛሬ ሦስት ሳምንት ነው። የተከፈተ ጠብታ ከአራት ሳምንት በላይ አይቀመጥም ስለተባልን ጠርሙሶቹን ጣልኳቸው። ክሩን ግን ፈትቼ ከካርዷ ጋር አስቀምጬዋለሁ።